ምስክሩን ወስዳችሁ ፍትሕ አትጠይቁን

የቱሉ ዲምቱና የአቃቂ ጎረቤቶቼ፣ በየለቅሶ ድንኳኑ ስታነሱት ለምሰማው ወሬ ዛሬ በግልጽ መልስ ልስጣችሁ። «ፖሊስ ይይዛል፣ ዓቃቤ ሕግ ይለቃል» ትላላችሁ። እኔ ዓቃቤ ሕግ ነኝ፤ እንጀራዬ በተደራጁና ድንበር ተሻጋሪ ወንጀሎች ላይ ክስ መመሥረትና መከራከር ነው። ስለዚህ ነገሩ እኔን ይመለከታል፣ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አላልፈውም። ከለቀቅናቸው የሰው ደላሎች ብዙዎቹን የለቀቃችኋቸው እናንተ ናችሁ።

ደላላው የአንዱን ቤት ልጅ «በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ አስገባዋለሁ» ብሎ ወሰደው እንበል፤ ወይም በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ። መንገድ ላይ ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሸጠው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ስልክ ይጮኻል፣ ልጁ ሲገረፍ ያሰሟችኋል፣ «ይህን ያህል ብር በዚህ ሒሳብ አስገቡ» ይባላል። ላም ይሸጣል፣ የዕቁብ ብር ይወጣል፣ ዘመድ ያዋጣል። ቤተሰቡ እንደምንም ፖሊስ ጋ ሄዶ ቃሉን ይሰጣል፤ የባንክ ደረሰኙን ከፌስታል አውጥቶ ያስረክባል። እኛም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው በመነገድ ክስ እንመሠርታለን። እስከዚህ ድረስ መዝገቡ ጤነኛ ነው።

ሽማግሌ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የደላላው ወንድም በሰፈሩ የተከበሩ ሰዎችን አስከትሎ ይመጣል። «ገንዘባችሁ ይመለስላችሁ፣ እናንተም ተዉት፣ እሱም የልጆች አባት ነው» ይባላል። ቡና ይፈላል፣ ከገንዘቡ ግማሹ ይቆጠራል፣ ምርቃት ይወርዳል። ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የባልና ሚስት ጠብ፣ የወሰን ክርክር፣ የደም ዕርቅ ሳይቀር በሽማግሌ በርዷል። ዕርቅ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ ይህ ሰው ያለበት ዕዳ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከዚያ ልጅ ጋር ያስጫናቸው ሌሎቹስ? አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ የት እንደደረሱ አይታወቅም። በእነሱ ስም ይቅር ለማለት ማን ወከላችሁ?

ችሎት ላይ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። እናትየዋ መሐላ ፈጽማ ቆማለች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትጠቀልላለች። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ወንበር ላይ ተደርድረዋል።

«ተከሳሹን ያውቁታል?»

«አላውቀውም።»

«ለፖሊስ ቃል ሲሰጡ በስሙ ጠቅሰውት ነበር።»

«ያኔ ራሴን አላውቅም ነበር፣ ታምሜ ነበር።»

ደረሰኙን አሳያታለሁ። ፊርማው የእሷ ነው፤ ለምን እንደከፈለች ግን አታስታውስም። ዳኛው ቀና ብለው ያዩኛል። ሌላ የማሰማው ምስክር የለኝም፤ ሦስቱ መጥሪያ ደርሷቸው ቀርተዋል፣ አንዱ ደግሞ «አገር ለቋል» ተብሏል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሹ ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ የማስረዳት ሸክሙ የእኔ ነው። ዳኛ በሐሜት አይፈርድም፣ መፍረድም የለበትም። «መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ተሰናብቷል» የሚል ብይን ይነበባል። በሳምንቱ ሰውየው ሰፈር ውስጥ ቢራ ሲጋብዝ ታዩትና «ዓቃቤ ሕጉ በልቶበት ነው» ትላላችሁ። የጋበዛችሁን ቢራ እየጠጣችሁ።

እናትየዋን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 በሐሰተኛ ምስክርነት ልከሳት እችላለሁ። ልጇ ተሸጦባት፣ ላሟ ተሸጦባት፣ በላዩ ላይ እኔ ላሳስራት? ሕጉ ይፈቅድልኛል። ሽማግሌዎቹ ሲመርቋት ይህን አልነገሯትም።

ፈርተን ነው ለምትሉ አልቆጣም፤ የሚያስፈራ ሰው ስለመኖሩ ከእኔ በላይ ምስክር የለም። ግን አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለምስክሮችና ለጠቋሚዎች ጥበቃ ብሎ ያስቀመጠውን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከባድ በሆኑ ወንጀሎች የምስክሩ ማንነት ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ እንዳይገለጥ ማድረግ ይቻላል፤ በዝግ ችሎት ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ መመስከር አለ፤ እስከ መኖሪያ ቦታ መቀየር የሚደርስ ጥበቃም አለ። ቃል ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ስማችሁ በክሱ ላይ ተዘርዝሮ ተከሳሹ እጅ ከገባ በኋላ አይደለም። ለሁሉም ይደርሳል ብዬ አልዋሻችሁም። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር የቀን ሥራውን እየተወ ልደታ ፍርድ ቤት ድረስ የሚመላለስ ምስክር ቢመረው አልፈርድበትም፤ በዚያ በኩል ተግሳጹ ለእኛ ነው፣ ልንሰማውም ይገባል።

ነገር ግን ፈሪ ነን የምትሉት እናንተው ናችሁ ወይ? «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ድንጋይ ይዞ የማይወጣ የለም። ስልክ የነጠቀ ጎረምሳ መሬት ላይ ወድቆ ሲረገጥ የሚረግጠው እግር አይቆጠርም። ለደቦ ፍርድ መንደር ሙሉ ሰው ይገኛል፣ ለምስክርነት ግን አንድ ሰው ይጠፋል። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» እያላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ አይደላችሁም?

አከራዮችንም አልተውኳችሁም። ሰፈራችን የፈጣን መንገዱ መግቢያ ላይ ነው፤ ከገጠር የመጣ ልጅ እዚህ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሌሊት ቢጫን ማንም አያውቅበትም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። አንድ ክፍል ስቱዲዮ ነው፤ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ አይከፈትም፤ ለሃያ ሰው የሚበቃ እንጀራ ግን በማዳበሪያ ይገባል። የተከራየው ሰው ከሰፈሩ ዋጋ እጥፍ ይከፍላል፣ መታወቂያውን አላሳየም፣ ውል አልፈረመም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል፤ እናንተ ግብሩን ፈርታችሁ ትሸሻላችሁ፣ ደላላው ደግሞ በዚያው ጥላ ሥር ይጠለላል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የባንክ ሒሳቡን የሚያውሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፣ ሥራ የለውም፣ «ብር ሲገባ አውጥተህ ስጠኝ፣ ትንሽ ትተርፍሃለች» ተብሏል። ያ ብር የሰው ልጅ ዋጋ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የፓሌርሞ ስምምነት፣ ማለትም ድንበር ተሻጋሪ የተደራጁ ወንጀሎችን ለመከላከል የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ የተደራጀ የወንጀል ቡድን ለማለት ሦስት ሰው ይበቃል ይላል። ደላላው፣ አከራዩ፣ የሒሳቡ ባለቤት፤ እያወቃችሁ ከተባበራችሁ ሦስት ሞላችሁ።

ስለዚህ ሒሳባችሁን ያዋሳችሁ ልጆች፣ የገባውንና የወጣውን የሚያሳይ ወረቀት ከባንካችሁ አውጡ፤ የላከላችሁን ሰው ስልክ ቁጥር አታጥፉ፤ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ራሳችሁ ይዛችሁልን ኑ። ለሚተባበር ሰው ከክስ ነጻ መሆንንም ያው አዋጅ 699 ይፈቅዳል። ሽማግሌዎችም ወደዚያች እናት ቤት መሄዳችሁ ካልቀረ፣ የቀጠሮዋ ቀን ሂዱና እስከ ችሎቱ በር አብራችኋት ቁሙ።