ክርክር፦ ኤ ፕላስ ይቅደም ወይስ በቀጥታ ሴኩሪቲ ፕላስ?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከፓርኪንግና ከታክሲ ሥራ ወጥቶ አይቲ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ሐበሻ ብዙ ነው። ወሬው ሁሉ ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት ስለሚሰጣቸው የሙያ ማረጋገጫ ፈተናዎች ነው፦ ኤ ፕላስ ስለ ኮምፒውተር ጥገናና ድጋፍ፣ ሴኩሪቲ ፕላስ ስለ ኮምፒውተር ደህንነት። በዚሁ መንገድ ያለፉ ሁለት ሰዎች የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ አልተስማሙም።

ለሴኩሪቲ ፕላስ፦

እኔ የተማርኩት ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ፣ ቀን ልጆች እያመላለስኩ ነው። ጊዜ ለሌለው ሰው «መጀመሪያ ኤ ፕላስ ያዝ» ሲባል ስሰማ ያመኛል። ኤ ፕላስ እኮ ኮር አንድና ኮር ሁለት የሚባሉ ሁለት ፈተናዎች ነው፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ፣ እስከ 90 ጥያቄ። የሁለቱ ክፍያ ሲደመር ከሴኩሪቲ ፕላስ ይበልጣል። ሴኩሪቲ ፕላስ አንድ ፈተና ነው፤ በ900 ስኬል 750 አምጥቶ መገላገል።

የት እንደምንኖርም አንርሳ። ፔንታጎን እዚሁ አርሊንግተን ነው። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የአይቲ ደህንነት ሠራተኞቹ የትኛውን ሰርተፍኬት መያዝ እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣውና ሰው 8570 በሚለው መመሪያ ኤ ፕላስ የመጀመሪያው እርከን ላይ፣ ሴኩሪቲ ፕላስ ሁለተኛው ላይ ነበር። በ2023 በ8140 ተተካ እንጂ ለመሥሪያ ቤቱ በኮንትራት የሚሠሩት ድርጅቶች የሥራ ማስታወቂያ ዛሬም ሴኩሪቲ ፕላስ እንዳለ ነው። ሊፍት እያለ ደረጃ ምን ያስወጣል?

ለኤ ፕላስ፦

ጋሼ፣ ሊፍቱ እኮ ለዜጋ ነው የሚከፈተው። ከሚሉት ሥራ ብዙው ክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢር ለማየት የሚሰጥ የመንግሥት ፈቃድ፣ ይጠይቃል፤ ክሊራንስ ደግሞ በመርህ ደረጃ የአሜሪካ ዜግነት ይፈልጋል። በዲቪ የመጣ ልጅ ለዜግነት ለማመልከት በተለምዶ 5 ዓመት ይጠብቃል። የሴኩሪቲ ፕላስ ዕድሜ ግን 3 ዓመት ነው። ሰርተፍኬቱ በሩ ሳይከፈትለት ያረጅበታል።

እስከዚያ የሚቀጥረው የሆስፒታል፣ የሆቴል፣ የትምህርት ቤት ሄልፕ ዴስክ፣ ማለትም ኮምፒውተር እምቢ ያለው ሠራተኛ የሚደውልለት ክፍል፣ ነው። እዚያ ምን እንደሚጠየቅ በራሴ ደርሶ አይቻለሁ፤ እኔም እንደ እርስዎ ሴኩሪቲ ፕላስ ነበር ያስቀደምኩት። ለቃለ መጠይቅ ገባሁ። «ሠራተኛዋ ኢንተርኔት እምቢ አለኝ ብላ ደወለች፤ አይፒ አድራሻዋ በ169.254 ይጀምራል። ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። እኔ የማውቀው ፊሺንግና ራንሰምዌር ነው፤ ስለ ጠላፊ ማውራት ጀመርኩ። ሰውየው በትዕግሥት ሰምቶኝ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ነገሩ ለካ ኮምፒውተሩ አድራሻ ከሚያድለው ሰርቨር (ዲኤችሲፒ ይባላል) አድራሻ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ገመዱን፣ ዋይፋዩን፣ ከዚያ ሰርቨሩን ማየት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ኤ ፕላስን ከሥሩ ጀመርኩ። ሌዘር ፕሪንተር አንድ ገጽ ለማተም የሚያልፋቸውን ሰባት ደረጃዎች ሳጠና ስቄ ነበር። ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ግን የሚመጣልኝ ትኬት፣ ማለትም የእርዳታ ጥያቄ፣ ፕሪንተር፣ አሁንም ፕሪንተር።

ለሴኩሪቲ ፕላስ፦

እውነቱን ንገሪኝ፣ ደምፕ፣ ያን ከፈተናው ሾልኮ የወጣ ጥያቄና መልስ፣ ሸምድደሽ ነበር የተፈተንሽው?

ለኤ ፕላስ፦

ግማሹን አዎ።

ለሴኩሪቲ ፕላስ፦

እንግዲያው ጥፋቱ የሽምደዳው ነው፣ የፈተናው አይደለም። ደምፕ ይዞ ኤ ፕላስ የገባም 169.254ን አያውቅም። ያልሽው እውቀት ያስፈልጋል፣ እሱን አልክድም፤ ለወረቀቱ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው የማያስፈልገው። ፕሮፌሰር ሜሰር የሚባለው አስተማሪ የኤ ፕላስ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ። እሱን ይይ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ፈትቶ ይግጠም፣ ገንዘቡን ሴኩሪቲ ፕላስ ላይ ያውለው። 3 ዓመት ያልሽውም ቢሆን በሥልጠናና በመሳሰለው በሚገኝ ነጥብ ይታደሳል፤ 50 ሰብስቦ ዓመታዊ ክፍያውን ከከፈለ አያረጅም።

ለኤ ፕላስ፦

ሥራ የሌለው ሰው ነው ዓመታዊ ክፍያ የሚከፍለው? ቪዲዮ አየሁ ተብሎም ሬዙሜ ላይ አይጻፍም። ስሙን የማያውቀው ቀጣሪ ልጁ ላፕቶፕ መፍታቱን በምን ይወቅ? ኮምፕቲያ ራሱ እኮ ለሴኩሪቲ ፕላስ ኔትወርክ ፕላስ የተባለውን ሌላ ፈተናውንና የሁለት ዓመት ልምድ ይመክራል። ግዴታ አይደለም፣ ምክር ነው፤ ግን ፈተናውን ያወጡት እነሱ ናቸው። በእኔ ቅደም ተከተል ደግሞ ኋላ ሴኩሪቲ ፕላስ ሲያልፍ ኤ ፕላሱም አብሮ ይታደስለታል።

ለሴኩሪቲ ፕላስ፦

ለግሪን ካርዱ ልጅ ይሁንልሽ። እንደኔ ዜግነቱን የያዘ፣ ሁለት ልጅ ያለው፣ አርባን ያለፈ ሰውስ? እሱም ከፕሪንተር ይጀምር?

ለኤ ፕላስ፦

እሱ ይዝለል፣ አልከራከርም። ከመመዝገቡ በፊት ግን ያቺን 169.254 ይጠይቁልኝ።