የአፋርን ሰማይ በሌዘር መለካት

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ አፍዴራን አልብሶ የከብቶቹን ግጦሽ ሸፈነ። ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የወጣው ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰና በረራዎችን አሰረዘ። አመድ በጄት ሞተር ውስጥ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ስለሚጋገር፣ አብራሪው ማወቅ ያለበት አመዱ በየት በኩል እንዳለ ብቻ ሳይሆን በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚንሳፈፍም ጭምር ነው።

የተለመደው የሳተላይት ምስል ይህን በቀጥታ አይለካም፤ ከፍታው በአብዛኛው የሚገመተው ከደመናው ሙቀት ሲሆን አመዱ በሳሳ ቁጥር ግምቱ ይዛባል። ሊዳር የሚባለው መሣሪያ ግን የሌዘር ብልጭታ ወደ ሰማይ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን በቴሌስኮፕ ይቀበላል፤ ከሰከንድ አሥር ሺህ እጅ አንዱ ብቻ ቆይቶ የተመለሰ ብርሃን ከ15 ኪሎ ሜትር ርቀት የመጣ ነው። ክብ የውሃ ጠብታ የብርሃኑን ፖላራይዜሽን (የብርሃን ሞገዱ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ) እንዳለ ሲመልሰው ቅርጹ ያልተስተካከለው የአመድ ቅንጣት ያዛባዋልና፣ መሣሪያው አመዱን ከጠብታ ደመና ለይቶ ያሳያል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው።

በሰኔ 2003 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ናብሮ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ፣ ጋዙን እስከ ስትራቶስፌር (ደመናና ዝናብ ከሚፈጠርበት በላይ እስካለው የአየር ንብርብር) ያደረሰው የፍንዳታው ጉልበት ነው ወይስ የእስያ ሞንሱን፣ ማለትም የክረምት ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ፣ የሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን አከራክሯል። የክርክሩ ዋና ማስረጃ ሊዳር የተሸከመው ካሊፕሶ የተባለ ሳተላይትና በሌሎች አገሮች መሬት ላይ የተተከሉ ሊዳሮች የለኩት ከፍታ ነበር። ካሊፕሶ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራውን አቁሟል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የመጠቀው ኧርዝኬር የተባለ ሳተላይት የራሱ ሊዳር ቢኖረውም የሚለካው ከሥሩ ያለችውን ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ በዚያችው መስመር ተመልሶ የሚያልፈውም ከ25 ቀናት በኋላ ነው። ፍንዳታ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

ስለዚህ ሰመራ ላይ ቋሚ ሊዳር ሊተከል ይገባል እላለሁ። ወፍራም ደመና ሌዘሩን እንደሚያግደው አውቃለሁ፤ የአፋር ሰማይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ዋጋው ከከበደ፣ አውሮፕላን ማረፊያዎች የደመናን ከፍታ በሚለኩበት ሲሎሜትር በተባለ ቀለል ያለ ሊዳር መጀመር ይቻላል። ፍንዳታ በሌለበት ጊዜም የበረሃውን አቧራ ይከታተላል። ከግዢው እኩል ሊታሰብበት የሚገባው መስታወቱን በየጠዋቱ ከአቧራ የሚያጸዳ፣ ሌዘሩ ሲደክም የሚጠግንና መረጃውን በሰዓቱ ለበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚያደርስ ባለሙያ እዚያው ሰመራ ውስጥ ማሠልጠን ነው።