33 ፊደል ምን አላት?

ሩሲያኛን በራሱ ሊማር የተነሳ ሐበሻ ሥራውን የሚጀምረው በመናቅ ነው። የሩሲያኛ ፊደል 33 ነው። የኛም እናት ፊደላት 33 ናቸው፤ እኛ ግን እያንዳንዷን በሰባት አባዝተን 231 አድርሰናል። ሰውዬው ስልኩን ከፍቶ ሰንጠረዡን ሲያይ «ይኼ ግዕዙ ነው፤ ካዕብ ሳልሱ የታለ?» ይላል። በእሑድ ከሰዓት የሚያልቅ ይመስለዋል።

ጉዱ የሚመጣው ፊደሎቹ የሚታወቁ ሲመስሉ ነው። ከእንግሊዝኛ የምናውቃት «ፒ» እዚያ «ር» ናት። «ኤች» «ን» ሆናለች፣ «ሲ» «ስ»፣ «ቢ» ደግሞ «ቭ»። ጀማሪው የሞስኮ ጎዳና ፎቶ ላይ «ፔክቶፓህ» የሚል ጽሑፍ ያነባል። አንድ የሳይቤሪያ ከተማ ይመስለዋል። ሬስቶራን ነው።

ሁለቱ ፊደላት ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የላቸውም። አንዷ ከፊቷ ያለችውን ታለሰልሳለች፤ ሌላዋ በሁለት ፊደላት መሃል ገብታ ታለያያለች። የራሱ ድምፅ ሳይኖረው እንዲህ እያደረገ ደሞዝ የሚበላ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ስላለ፣ ለኛ እነዚህን መረዳት አይከብድም።

ሰላምታቸው ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። «ዝድራስትቩይቴ»። ያውም መሃሉ ላይ ተጽፋ የማትነበብ አንዲት «ቭ» አለች። እኛ ሰላምታ የምናስረዝመው በጥያቄ ነው፤ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ሥራ እንዴት ነው። እነሱ የቤተሰቡን ሁሉ ቦታ ተነባቢ ሞልተውበታል።

ደስ የሚለው፣ ፈረንጁን የሚያስለቅሰው የ«ы» ድምፅ ለኛ ቤተኛ ነው። አስተማሪዎቹ በቪዲዮ «ፈገግ በል፣ ምላስህን ወደ ኋላ ሳብ» እያሉ ተማሪውን ያንገላቱታል። ለኛ ግን ከሳድሷ «እ» ብዙም አትርቅም። ስብሰባ ላይ ሪፖርቱ ሲጠፋበት «እ... እ...» የሚል ኃላፊ ሁሉ ሳያውቀው ሩሲያኛ እየተለማመደ ነው። አንዳንዶቹማ ዲግሪ ሊሰጣቸው ይገባል።

የ«ኦ» ነገር ግን ሆድ ያስብሳል። ጫና ካላረፈባት፣ ማለትም ከቃሉ ውስጥ ጠንከር ተደርጋ ካልተጠራች፣ «አ» ትሆናለች። «ሞሎኮ» ተብሎ የተጻፈው ወተት ሲነገር «ማላኮ» ነው። ሞስኮም በባለቤቶቿ አፍ «ማስክቫ» ናት። ጫናው የት እንደሚያርፍ ደግሞ በተራ ጽሑፍ ላይ ምልክት አይደረግም። ቀድመህ ማወቅ አለብህ። እነዚህ ሰዎች እኮ እ.ኤ.አ. በ1918 ትርፍ ያሏቸውን ፊደላት አራግፈው ጥለዋል። እኛ በሀ፣ ሐ እና ኀ ዛሬም ፌስቡክ ላይ እንሰዳደባለን። አብዮቱ እዚህች «ኦ» ጋ ሲደርስ ደክሞት መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ ችለህ ብትለማመድ ጎረቤት አይለቅህም። እዚህ አገር ቋንቋ የሚማር ሰው ሻንጣው በር ላይ ነው።

«መቼ ነው የምትሄደው?» አሉኝ እትዬ።

«የትም አልሄድም፤ እንዲሁ ነው።»

«ይሁን፣ ደብቀን። ቪዛው ሲመታ እንሰማ የለ?»

በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት የተማረ አንድ ጋሼም በየሰፈሩ አይጠፋም። የኛው ጋሼ ልምምዴን በመስኮት ሰምተው ጠሩኝ። «እኛ እኮ ፓድፋክ የሚባል መሰናዶ ገብተን፣ ዓመቱን ሙሉ አስተማሪ ፊት ተቀምጠን ነው የተማርነው። አንተ በስልክ? እስቲ አንድ ቃል በል።»

«ማላኮ!» አልኩ፣ ጫናውን መጨረሻዋ ላይ ጥዬ።

ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ነው። አሁን ቁጥር ተማር። በዛሬ ዋጋ እስከ አስር ብቻ ቆጥረህ ወተት አትገዛም።»