ለስላሳ ነው ደረቅ?

ጠጅ ቤት ስትቀመጡ፣ ብርሌው ሳይቀዳ በፊት የምትጠየቁት ነገር ይታወቃል። «ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» ለስላሳው ይጣፍጣል፣ ደረቁ ይከርራል። ጣልያን አገር ስመጣ ይህቺው እውቀቴ አሳሳተችኝ።

የምኖረው ትሬቪዞ ነው፣ ፕሮሴኮ የሚባለው አረፋማ ወይን አገር። አምና ለአክስቴ አንድ ጠርሙስ ልወስድላት ሱቅ ገባሁ። አክስቴ ጣፋጭ መጠጥ አትወድም፤ ጠጇም ደረቅ ነው። «ድራይ»፣ ማለትም «ደረቅ»፣ የሚል ጽሑፍ ሳይ የሷ ነው ብዬ ገዛሁ። አዲስ አበባ፣ እሁድ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ተከፈተ። አክስቴ አንዴ ፉት አለችና ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ውይ ልጄ፣ ይሄማ ብርዝ ነው!»

እውነቷን ነው። ፕሮሴኮ ላይ «ድራይ» ሲባል በሊትር ከ17 እስከ 32 ግራም ስኳር አለው። «ኤክስትራ ድራይ» ከ12 እስከ 17 ነው። ከ12 የማይበልጠው «ብሩት» ይባላል። ስለዚህ ደረቅ ጠጅ የሚወድ ሰው ብሩት ይግዛ፤ መካከለኛ የሚወድ ኤክስትራ ድራይ። በጣም የሚጣፍጥ የፈለገ ደግሞ አስቲን ይሞክር። ከሞስካቶ ወይን የሚጠመቅ፣ አልኮሉ ቀለል ያለ፣ ከኬክ ጋር የሚስማማ ነው።

እኛ አገር አረፋ ያለው ሁሉ ሻምፓኝ ነው። የሚከፈተውም ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለልደት ነው። መኪና ውስጥ ሲንገላታ የዋለው ጠርሙስ ይናጣል፣ ቡሹ ጣራ ይመታል፣ ግማሹ ወለል ላይ ይፈሳል። እልልታው ደስ ይለኛል። ግን ምን ምን እንደሚል የሚያጣጥመው ሰው የለም፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

ትሬቪዞ ውስጥ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ቡና ቤቱን ብታዩት፣ ቧንቧ ሠራተኛውም ጡረተኛዋም አንድ አንድ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል፣ ከትንሽ ቁራሽ ምግብ ጋር። አስተናጋጁ ቡሹን ጨብጦ ጠርሙሱን በቀስታ ያዞረዋል። የሚሰማው እፎይ የሚል ትንፋሽ ብቻ ነው። ጋዙን ይሳሱለታል፣ ያ ሁሉ ድካም ለሱ ነዋ! ፕሮሴኮ በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ይፈላል፤ ዘዴውን አስቲ ከተማ ላይ ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ በ1895 አስመዝግቦታል። የሎምባርዲያው አረፋማ ወይን ፍራንቻኮርታ ግን እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ፈልቶ ቢያንስ 18 ወር ከእርሾው ጋር ይቆያል። ትኩስ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ዋጋውም ከፍ ይላል።

በጣም የምቀናው ግን በስሙ ነው። ፕሮሴኮ ትሪየስቴ አጠገብ ያለች መንደር ናት። ድሮ የወይኑ ዘርም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በ2009 ዘሩ «ግሌራ» ተባለና «ፕሮሴኮ» የቦታው ስም ብቻ ሆነ። ከተከለሉት 9 አውራጃዎች ውጪ የተጠመቀ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በዚህ ስም አይሸጥም። የኮኔሊያኖና የቫልዶቢያዴኔ ኮረብቶች በ2019 የዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። የኛስ ጠጅ? በሸካ ጫካ ማር የተጣለና በትግራይ ነጭ ማር የተጣለ እንዴት አንድ ይሆናል? ብዙ ጠጅ ቤት ግን የማሩን አገር የሚነግራችሁ የለም። ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ባየው ምኞቴ ነው።

ዘንድሮ ብሩት ይዤ ሄድኩ። በረዶና ውሃ ባለበት ባልዲ ግማሽ ሰዓት አቆየነው። በርበሬ ለበዛበት ወጥ ትንሽ ስኳር ያለው ኤክስትራ ድራይ ይሻላል፤ ለክትፎ ግን ብሩት ነው፣ ቅቤውን ከምላስ ላይ ጠርጎ ያነሳዋል። ቡሹን አክስቴ ራሷ በፎጣ ይዛ ቀስ ብላ ከፈተችው። ፉት አለች። ደገመች። ክትፎውን ወደኔ ገፋ አደረገችና፣

«ይሄስ ይጠጣል» አለች፣ ብርጭቆዋን ለሁለተኛ እየዘረጋች።