የአዱሊስ ጽሑፍ የአንድ ንጉሥ ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ በቀይ ባሕር ዳር ስለነበረችው የአክሱም ወደብ ስለ አዱሊስ የግሪክኛ ጽሑፍ መጻፍህ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን መታረም አለበት። «የግብፁ ንጉሥ በጥሊሞስ 3ኛ እስከ ስሜን ተራሮች ዘምቶ ድሉን በድንጋይ አስቀረጸ» ብለሃል። ይህን ብዙ ሰው ይደጋግመዋል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው።

ጽሑፎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ የበጥሊሞስ ሐውልት ነው፤ ታችኛው ክፍሉ ተሰብሮ ነበር። ሌላው ከፊቱ የቆመ የነጭ እብነ በረድ ዙፋን ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ሁለቱንም ገለበጠ። የዙፋኑ ጽሑፍ መጀመሪያው ስለጎደለ የሐውልቱ ቀጣይ መሰለው። ስህተቱ የመጣው ከዚህ ነው።

እስቲ ጽሑፎቹን ራሳቸውን እንያቸው። ሐውልቱ ስለ ንጉሡ «እሱ» እያለ ይተርካል። ዙፋኑ ላይ ግን ንጉሡ ራሱ «እኔ» እያለ ይናገራል። በትግራይ ያለውን አጋሜን ወጋሁ ይላል፤ በረዶ ስላለበት ስለ ስሜን ተራራም ያወራል። አሬስ የተባለውን አምላክ አባቴ ይለዋል። የንጉሥ ኢዛና የግሪክኛ ጽሑፍም አክሱም ላይ ይህንኑ ይላል! ደግሞ የዙፋኑ ባለቤት በነገሠ በ27ኛው ዓመቱ እንዳስጻፈው ይናገራል፤ በጥሊሞስ 3ኛ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ246 እስከ 222 ነው፤ 27 ዓመት አይሞላም።

ሁለቱን የለየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። ስለዚህ ያ ዘመቻ የአክሱም ንጉሥ ነው። ስሙ ከጎደለው ክፍል ጋር ጠፍቷል፤ ድንጋዮቹም ዛሬ የሉም፣ የቀረን የኮስማስ ግልባጭ ብቻ ነው። ጽሑፍህን ብታስተካክለው ደስ ይለኛል።