ከቦውል ጨዋታ መቅረት ክህደት አይደለም፤ ስሌቱን ሳያውቁ መቅረት ግን ሞኝነት ነው

በየዓመቱ ዲሴምበር ሲገባ በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ዙሪያ ያው ጭቅጭቅ ይነሳል። መደበኛው የውድድር ዘመን አልቆ ቡድኖች ለቦውል ጨዋታ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በስፖንሰር ስም ለሚካሄደው የዓመቱ መዝጊያ ግጥሚያ ሲዘጋጁ፣ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ወደ ኤንኤፍኤል፣ ያልፋሉ የተባሉ ኮከቦች «እኔ አልሰለፍም» ይላሉ። ስድቡም ወዲያው ይከተላል፦ ጓደኞቹን ከዳ፣ ገንዘብ አሳወረው፣ ጨዋታውን አይወድም። ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስፖርት ቴሌቪዥኑ የኢኤስፒኤን ተንታኝ ከርክ ኸርብስትሪት የዛሬ ልጆች ፉትቦልን አይወዱም የሚል ክስ በቀጥታ ስርጭት አሰማ። በዚያው ዕለት ምሽት፣ ለመቅረት በቂ ምክንያት እያለው መጫወትን የመረጠው የኦሌ ሚስ (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) ኳርተርባክ፣ ማለትም የማጥቃቱ መሪ፣ ማት ኮራል በሹገር ቦውል ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ በሰው ተደግፎ ከሜዳ ወጣ።

ሁለቱን አገጣጥሞ «አላልኩም?» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ኮራል በድራፍቱ፣ ማለትም የኤንኤፍኤል ክለቦች በሰባት ዙር ተራ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥርዓት፣ 94ኛ ሆኖ የተመረጠው በቁርጭምጭሚቱ ምክንያት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በዚያ ዓመት በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ኳርተርባክ ኬኒ ፒኬት ብቻ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ የተመረጠው ኳርተርባክ እስከ 74ኛ ቁጥር ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ የአንድ ሰው ጉዳት ክርክሩን አይፈታውም። ወሳኞቹ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ተጫዋቹ በድራፍቱ የት አካባቢ እንደሚገመት፣ ጉዳቱ በየትኛው ወር እንደሚደርስ እና የመድን ውሉ ምን ተብሎ እንደተጻፈ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች እንደሚመረጥ በተጨባጭ የተነገረው ተጫዋች ለሻምፒዮንነት ካልሆነ ቦውል ቢቀር ትክክል ነው። ከዚያ በታች የሚገመተው ግን ይጫወት።

ምክንያቱ የገንዘቡ አከፋፈል ነው። ከ2011ዱ የኤንኤፍኤልና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት ወዲህ አዲስ ገቢ ተጫዋች ደመወዙን ብዙም አይደራደርም፤ የተመረጠበት ቁጥር ይወስንለታል፤ ውሉም የአራት ዓመት ነው። በ2024 አንደኛ የተመረጠው ኬሌብ ዊሊያምስ ወደ 39.5 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ሲፈርም፣ የመጀመሪያው ዙር ማብቂያ የሆነው 32ኛ ተመራጭ ያገኘው ወደ 12 ሚሊዮን ነው። በሰባተኛው ዙር ዋስትና ያለው ገንዘብ ከመቶ ሺህ ዶላር ብዙም አይርቅም። ከላይ ያለው ቁልቁለት ገደል ነው፤ ከታች ያለው ግን ሜዳ ነው። ከ5ኛ ወደ 34ኛ መውረድ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ያሳጣል። ከ150ኛ ወደ 180ኛ መውረድ የሚያሳጣው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የኖተርዳሙ ላይንባከር ጄይለን ስሚዝ ያን ገደል ያወቀው በጃንዋሪ 1 ቀን 2016ቱ ፊየስታ ቦውል ነው። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አንዱ እንደሚሆን ይነገርለት ነበር። ከኦሃዮ ስቴት ጋር ሲጫወቱ የጉልበቱ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማትና የውጭው ጎን ጅማት ተበጠሱ፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ እግሩን ወደ ላይ ማንሳት የሚያስችለው ነርቭ መጎዳቱ ነው። ዳላስ ካውቦይስ በሁለተኛው ዙር፣ በ34ኛ ቁጥር ወሰደው። የውሉ መጠን ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚያው ድራፍት 5ኛ የተመረጠው ጄለን ራምዚ ወደ 23 ሚሊዮን ፈርሟል። ስሚዝ በኋላ አገግሞ በ2019 ትልቅ ውል አገኘ። ሆኖም ያ በዶክተሮችና በዕድል የመጣ እንጂ ከቦውሉ የተገኘ ትርፍ አይደለም።

ሰዎች የሚስቱት የወሩን ጉዳይ ነው። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት በቀዶ ሕክምና ተተክቶ ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ተጫዋቹ በሴፕቴምበር ከተጎዳ የድራፍቱ ወር ኤፕሪል ሲደርስ ሰባት ወር ሞልቶታል፤ የክለብ ሐኪሞች ጉልበቱን ዳብሰው፣ ምስሉን አይተው፣ ሲሮጥ ተመልክተው ሊፈርዱ ይችላሉ። በዲሴምበር መጨረሻ ከተጎዳ ግን አራት ወር እንኳ አይሞላውም። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በሚደረገው ኮምባይን፣ ማለትም ክለቦች ዕጩዎችን በሚፈትኑበትና በሚመረምሩበት ዝግጅት፣ የሚቀርበው በክራንች ነው። ክለቦች ባላዩት ነገር ላይ ገንዘብ አይጥሉም። ስለዚህ ያው አንድ ጉዳት በቦውል ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። የሻምፒዮንነት ዋንጫ ለሌለው ግጥሚያ ይህን መክፈል ምን ይባላል?

ክለቦቹም የቀረውን አይቀጡም። በ2016 መጨረሻ የስታንፎርዱ ክርስቲያን መካፍሪ ሰን ቦውልን፣ የኤልኤስዩው ሌነርድ ፎርኔት ሲትረስ ቦውልን ዘልለው ብዙ ተወቀሱ። በሚቀጥለው ኤፕሪል ፎርኔት 4ኛ፣ መካፍሪ 8ኛ ተመረጡ። በዚያው ሰሞን የሚሺጋኑ ታይት ኤንድ ጄክ በት ኦሬንጅ ቦውልን ተጫውቶ ጉልበቱን ተጎዳና እስከ አምስተኛው ዙር ወረደ። በ2018 ኒክ ቦሳ ገና በሴፕቴምበር የሆድ ጡንቻ ጉዳት ደርሶበት ኦሃዮ ስቴትን ጨርሶ ለቀቀ፤ የሳን ፍራንሲስኮው ክለብ ፎርቲናይነርስ በ2ኛ ቁጥር ወሰደው።

ነገር ግን የቦሳን ስም እየጠሩ ሙሉ ዓመት መቅረትን የሚመክሩ አሉ፤ እዚህ ላይ አልስማማም። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሙሉውን ዓመት ሳይጫወቱ ከቀሩት ውስጥ ጃማር ቼስ 5ኛ፣ ፔኔይ ሱዌል 7ኛ ተመረጡ። ሁለቱም ግን ከዚያ በፊት ማንም የማይጠራጠረው የጨዋታ ቪዲዮ ነበራቸው። የማያሚው ግሬግ ሩሶ በበኩሉ በ2019 በአንድ ዓመት 15.5 ሳክ (የተጋጣሚን ኳርተርባክ ኳሱን ሳይለቅ መጣል) አስመዝግቦ ብዙ ከተወራለት በኋላ ቀረ፤ የተመረጠው 30ኛ ሆኖ ነው። የአንድ ዓመት ቪዲዮ ያለው ሰው ሁለተኛ ዓመት ካልጨመረ ጥርጣሬውን ክለቦች በዋጋ ያስከፍሉታል። በአራተኛና በአምስተኛ ዙር ለሚገመተው ደግሞ ቦውሉ ራሱ ገበያ ነው፤ ኮከቡ ሲቀር የሚሰለፈው ተጠባባቂም የሚታየው በዚያ ቀን ነው።

ታዲያ ተጫዋቹ ደረጃውን እንዴት ያውቃል? ከአጎቱም፣ ከቲክቶክም፣ ከወኪልም መሆን የለበትም፤ ወኪል ቶሎ ቢፈርም የሚጠቀም ሰው ነው። ትምህርቱን ያልጨረሰ ተጫዋች በትምህርት ቤቱ በኩል የኤንኤፍኤሉን የኮሌጅ አማካሪ ኮሚቴ መጠየቅ ይችላል። ኮሚቴው የሚሰጠው መልስ ሦስት ዓይነት ነው፦ የመጀመሪያ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር ወይም ትምህርት ቤት ቆይ። ሦስተኛውን መልስ ያገኘ ልጅ ቦውል ቀርቶ «ራሴን ጠበቅኩ» ቢል የሚጠብቀው ሚሊዮን ገና የለም።

አሁን ወደ መድኑ። «መድን አለው፣ ምን ያስፈራዋል?» የሚሉ ሰዎች ውሉን አንብበው አያውቁም። ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንዱ የዘላቂ ሙሉ አካል ጉዳት መድን ነው፤ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ ከ1990 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም አለው። የሚከፍለው ተጫዋቹ ዳግመኛ መጫወት የማይችል ሲሆን ብቻ ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ከተጠበቀ በኋላ። አረቦኑ ለአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽፋን በዓመት ከ8 እስከ 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ የሚታከል የዋጋ መቀነስ መድን ነው፤ በጉዳት ምክንያት የተፈረመው ውል ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ልዩነቱን በከፊል ይከፍላል። «በከፊል» የምትለዋ ቃል ላይ ይቆም። ስሚዝ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሲያጣ ከመድኑ ያገኘው ወደ 900 ሺህ ዶላር እንደሆነ ተዘግቧል፤ ጄክ በት ደግሞ ወደ 543 ሺህ። እስከ ሰባተኛው ዙር የወረደው የኦሪገኑ ኮርነርባክ ኢፎ ኤክፕሬ ኦሎሙ 3 ሚሊዮን ማግኘቱ ተዘግቧል፤ በጣም ስለወረደ ነው ያገኘው። ትንሽ የወረደ ምንም አያገኝም፤ መነሻ ወለሉ ከሚጠበቀው ውል በታች ተደርጎ ስለሚጻፍ።

ጉዳት ያላመጣው መውረድም አይካስም። የኮሎራዶው ሸዱር ሳንደርስ በ2025 እስከ 144ኛ ቁጥር ሲወርድ ሰውነቱ ጤነኛ ነበር፤ የክለቦች ሐሳብ መለወጥ ደግሞ በየትኛውም ውል ጉዳት ተብሎ አይቆጠርም።

ካሳ የሚከለከልበት ዋነኛ ምክንያት የሕክምና ታሪክ ነው። የዩኤስሲው ተቀባይ ማርኪስ ሊ በ2014 ድራፍት 39ኛ ከወጣ በኋላ የሎይድስ ኦፍ ለንደን መድን ሰጪዎችን ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ እነሱ ደግሞ ቀድሞ የነበረውን የሕክምና መረጃ አልገለጽክም ብለው ተከራከሩ። ስለዚህ ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት ተጫዋቹ የሕክምና መዝገቡን ሙሉ ግልባጭ ከትምህርት ቤቱ ይውሰድ። ሁለት ቀን ብቻ ያሳመመችውን ወለምታ ሳይቀር ይጻፍ። ቀድሞ የተጎዳ ጉልበት ወይም ትከሻ ከሽፋን ውጭ ተደርጎ እንደሆነ ከውሉ ጋር የተያያዙትን ገጾች ያንብብ። ጉዳት ሲደርስ በስንት ቀን ማሳወቅ እንዳለበት፣ የሚመረምረውን ሐኪም ማን እንደሚመርጥ ይጠይቅ። ውሉ የሚገዛው ከኦገስት ልምምድ በፊት ነው፤ ዲሴምበር ላይ ለቦውል ብሎ የሚሮጥ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሳይሸፈን ተጫውቷል ማለት ነው። አረቦኑን ተጫዋቹ ከታክስ በኋላ ባለው የራሱ ገንዘብ ከከፈለ ካሳው በአብዛኛው አይቀረጥም፤ ትምህርት ቤቱ ከከፈለለት ግን የታክስ ባለሙያ ይጠየቅ።

ኤክፕሬ ኦሎሙን ያነሳሁት ለሌላም ምክንያት ነው። ጉልበቱ የተጎዳው በዲሴምበር 2014 ለሮዝ ቦውል ሲዘጋጅ፣ በልምምድ ላይ ነው። ግጥሚያውን ዘልሎ ልምምዱን በሙሉ ኃይል የሚሠራ ተጫዋች አደጋውን ተሸክሞ ጥቅሙን ጥሏል። የሚቀር ከሆነ የመጨረሻው መደበኛ ጨዋታ እንዳለቀ ለአሰልጣኙ ፊት ለፊት ይንገርና የግጭት ልምምድ ያቁም፤ በስብሰባና በቪዲዮ ክፍል ግን ተተኪውን ይርዳ። ያኔ መልበሻ ክፍሉ አይቀየመውም። ከዚያ በኋላም አደጋው አያልቅም፤ የዋሽንግተኑ ሲድኒ ጆንስ በ2017፣ የሚሺጋኑ ዴቪድ ኦጃቦ በ2022 የተረከዛቸው ጅማት የተበጠሰው በማርች፣ ክለቦች ፊት ችሎታ በሚያሳዩበት ቀን ነው። ሁለቱም ወደ ሁለተኛው ዙር ወረዱ።

የታማኝነቱን ክርክር አልንቀውም፤ ግን ሚዛኑ አንድ ይሁን። አሰልጣኙ ብራያን ኬሊ በኖቬምበር 2021 መጨረሻ ኖተርዳምን ለቆ ወደ ኤልኤስዩ ሲሄድ ቡድኑ 11 አሸንፎ 1 ተሸንፎ ለአራቱ ቡድኖች ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ሻምፒዮኑ ለሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ተስፋ ነበረው። የተሻለ ሥራ አገኘ ተብሎ ታለፈ። ከ40 በላይ ከሆኑት ቦውሎች ከደርዘን በላይ የሚሆኑት ባለቤት ያው የሚያሰራጫቸው የኢኤስፒኤን ቤት መሆኑም ስቱዲዮ ውስጥ ስለ ፍቅር ሲወራ አይነሳም። ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞ አንድ ነው፦ ብዙዎች አንድ ላይ ሲቀሩ የሚቀረው ቡድን ይዋረዳል። ከፕሌይኦፍ የተገፋው ፍሎሪዳ ስቴት በዲሴምበር 2023 ከሃያ በላይ ተጫዋቾቹን አጥቶ በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸንፏል።

ይህንንም የሚፈታው ስብከት ሳይሆን ውል ነው። በጁን 2025 ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን ካጸደቁት የኮሌጅ ስፖርተኞች ክፍያ ክስ ስምምነት ወዲህ አንድ ትምህርት ቤት በ2025-26 እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለስፖርተኞቹ ማከፋፈል ይችላል። የሚከፈለው ተጫዋች እንደ በፊቱ ያለ ክፍያ የሚሠራ አይደለም፤ ቦውሉ በውሉ ከተጻፈና ከተከፈለበት መጫወት ግዴታው ነው። እንግዲያው ይጻፍ። ከቦውሉ ጋር አብሮ ግን የዋጋ መቀነስ መድኑ አረቦን በትምህርት ቤቱ ይከፈል፤ ወለሉም በቁጥር ይቀመጥ። አዲስ ነገር አይደለም፦ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2014 ለመስመር ተጫዋቹ ሴድሪክ ኦግቡሂ ከተማሪ ድጋፍ ፈንድ አረቦን ከፍሎ ነበር። ኦግቡሂ በዚያው ዓመት ሊበርቲ ቦውል ላይ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ሲንሲናቲ እንዲያም ሆኖ በ21ኛ ቁጥር ወሰደው። በዲሴምበር 2024 ኮሎራዶ አላሞ ቦውልን ሲጫወት ትራቪስ ሀንተርና ሸዱር ሳንደርስ የተሰለፉት ትልቅ የመድን ሽፋን ተገዝቶላቸው እንደነበር ተዘግቧል። አረቦኑን ለመክፈል ፈቃደኛ ያልሆነ ትምህርት ቤት ተጫዋቹ ሲቀርበት የሚያቀርበው ቅሬታ አይኖረውም።