ክርክር፦ ክስ ያለበት ሰው ሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ» ይበል?

ወሎ ውስጥ ሁለት ሰው በዱላ ከተፈናከተ ፖሊስና ሽማግሌ እኩል ይደርሳሉ። ፖሊስ መዝገብ ይከፍታል፤ ሽማግሌ እርቅ ይጀምራል። የተጠረጠረው ሰው የክሱ መልስ ሳይታወቅ ሽማግሌ ፊት ጥፋቱን ማመን አለበት ወይ? የሚከራከሩት ደሴ ላይ በወንጀል ጉዳይ የምትቆም ጠበቃና በሐይቅ ዙሪያ ብዙ ደም ያስታረቁ አባት ናቸው።

ጠበቃዋ፦ አባቴ፣ እኔ ሽምግልናን አልጠላም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። የያዝኩትን አንድ ጉዳይ ልንገርዎ። ሁለት ጎረቤታሞች በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው የአንደኛው ክንድ በዱላ ተሰበረ። የመታው ሰው ዘመዶች ወዲያው ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «መጀመሪያ ጥፋትህን እመን» አሉት። አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ «መታሁት፣ አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» አለ። ቀድሞ እጁን የሰነዘረው ሌላኛው እንደነበር ትንፍሽ አላለም፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ እንዲህ ማለት ነውር ነዋ! እርቁ ካሳው ላይ ሲደርስ ፈረሰ። ክሱ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ቀጠለ፤ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነው። ዐቃቤ ሕግ የቆጠራቸው ምስክሮች እነማን ሆኑ? እነዚያው ሽማግሌዎች። ምለው የሰሙትን ተናገሩ። «ራሱን ሲከላከል ነው» ብዬ በአንቀጽ 78 ብከራከር፣ ሰውየው ገና ሽማግሌ ፊት ሳለ ራሱ ላይ ፈርዶ ጨርሷል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው ይላል። የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ፖሊስ ይህን መንገር ግዴታው ነው። ሽማግሌውስ ይነግረዋል?

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ የነገርሽን ሰው በደል እኔንም አሳዝኖኛል። እርቁን ያፈረሱት ግን በካሳው ያልተስማሙ ሰዎች ናቸው እንጂ የሰውየው እውነት መናገር አይደለም። አንቺ የምታዪው መዝገቡን ነው። እኔ የማየው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ያለውን ነው። ዓመቱን ጨርሶ የተፈታ ሰው ካልታረቀ ሰኞ ባቲ ገበያ ከብቱን ነድቶ መውረድ አይችልም። መንገዱ በሌላኛው ወገን ደጅ ነው የሚያልፈው! ፍርድ ቤቱ አሥሮ ይፈታል፤ ልጆቹ አብረው ከብት እንዲያግዱ፣ ሴቶቹ አብረው ቡና እንዲጠጡ አያደርግም። ይህን የሚያደርገው አበጋሩ፣ በወጉ የሚያስታርቀው ሽማግሌ ነው፣ ሸሁና ቄሱ አብረው ተቀምጠው ዱአ ሲያደርጉ ነው። ያም ከሰውየው አፍ ቃል ካልወጣ አይጀመርም። ካሳ ብቻማ ምን ዋጋ አለው? የተበደለ ሰው ገንዘቡን ወርውሮ ይሄዳል።

ደግሞ ሕጉም ቢሆን ከእርቅ አልሸሸም። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 223 አጥቢያ ዳኛው እንዲያስታርቅ ያዝዝ ነበር።

ጠበቃዋ፦ ያዝዝ ነበር፤ ለስድብ፣ ለእጅ እልፊት፣ ከ5 ብር ላልበለጠ ስርቆት። ለተሰበረ ክንድ አይደለም። ዛሬም ቀላል ጉዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 የሚያስከስሰው ተበዳዩ ሲያመለክት ነው፤ እንዲህ ያለውን አስታርቁ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ዱላ ከገባበት ግን ተበዳዩ «ምሬዋለሁ» ቢልም ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። የገጠር ሰው ይህን አያውቅም። ታረቅን ብሎ፣ በግ አርዶ፣ ሲበላ ያመሻል፤ ከዚያ መጥሪያ ይመጣለታል።

ሽማግሌው፦ ታዲያ መታረቁ ቅጣቱን አያቀልለትም? በተከሰሱ ሰዎች ጉዳይ ችሎት ቆሜ አስተያየት ስሰጥ ኖሬያለሁ።

ጠበቃዋ፦ ያቀልለታል። አንቀጽ 82 ከልቡ የተጸጸተንና የካሰን ሰው ቅጣት ያቀላል። ግን ቅጣት የሚቀለው ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ነው! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። መጀመሪያ ይከራከር፤ ከተፈረደበት ያን ጊዜ ይጸጸት።

ሽማግሌው፦ እስከዚያ ማን ይቆያል? ጊዜ ቀጠሮ 14 ቀን፣ ደግሞ ሌላ 14 ቀን ይባላል። ማሽላው ወፍ ይበላዋል፣ ልጆቹ ይራባሉ። እርቁ ቶሎ ከተያዘ ተበዳዩ ልቡ ይራራል፣ ዋስትናውንም አይቃወምም።

ጠበቃዋ፦ እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ ያለው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ ብቻ አይታሰብም። ፍርድ ቤቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ዋስትና ከሚከለክልባቸው ምክንያቶች አንዱ ተጠርጣሪው ምስክር ያባብላል የሚል ስጋት ነው። ዘመድ በሽማግሌ ስም ማታ ማታ የተበዳዩን ቤት ሲመላለስ፣ መርማሪው «ይኸው እያባበሉ ነው» ቢል ምን እመልሳለሁ? ሊያስፈቱት ሄደው ያሳስሩታል። ይልቅ ለቤተሰቡ እንዲህ ይንገሩልኝ፦ ጣቢያ ስሙንና አድራሻውን ይስጥ፣ «ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» ይበል። መክፈል የማይችል ከሆነና ያለ ጠበቃ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ፣ ሲከሰስ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል።

ሽማግሌዎችም ጥሉ እንዳይቀጥል ሁለቱን ወገን በዋስ ይያዙ። «ምን አደረግህ?» የሚለውን ግን ፍርዱ ካለቀ በኋላ ይጠይቁት።

ሽማግሌው፦ ለክንድ ስብራት እሺ እላለሁ፤ ለጓደኞቼም እነግራለሁ። ሰው ከሞተ ግን አልጠብቅም። ቀብሩ ሳይደርቅ የሟች ወንድም ጠመንጃ ይዞ ሲወጣ «ችሎቱ ይለቅ» ልበለው?

ጠበቃዋ፦ አይበሉት። ይሂዱ፣ ይለምኑ፣ ደሙን ያብርዱ። የሚለምነው ግን የተከሳሹ አባት ይሁን። ከተከሳሹ አፍ ቃል አይቀበሉ።

ሽማግሌው፦ የሟች እናት ከአባቱ አፍ መስማት አትፈልግም። እሷን የሚያበርዳት የልጇ ገዳይ ራሱ ሲናገር ነው። እኔ እንዲህ ያለች እናት ፊት ተቀምጬ «ሁለት ዓመት ታገሺ» ማለት አልችልም።

ጠበቃዋ፦ እኔም ገዳይ መሆኑ ያልተረጋገጠ ሰው ለእሷ ሲል በራሱ ላይ እንዲመሰክር መፍቀድ አልችልም።